ያልተወለድክበት ወንዝ ዳር

ግርማዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው የሜልበርን ክረምት እየወጣ ነው። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ቄሱ ስመ ክርስትናህን ጠርተው ጸልየውልሃል፤ ሰውም በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደየቤቱ ሄዷል። እስካሁን አልጻፍኩልህም፤ ሐዘን ብቻውን ብዕር አያስይዘኝም፣ ታውቀኛለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። በማርቲን ተናድጃለሁ፣ በዩኒቨርሲቲው ተናድጃለሁ፣ እውነቱን ልንገርህና ባንተም ተናድጃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ብሬብሩክ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ አከራዩ ሊሸጠው ነው ሲባል ከርሞ ተወው። ልጃችን ሊድያ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገብታለች። «እማ፣ አንድ ክፍል ላንቺ አለ፣ ነይ» እያለች በእንግሊዝኛ ትጨቀጭቀኛለች። እኔም በአማርኛ እምቢ እላታለሁ። እዚያ ሰፈር ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ባለፈው የሌላ ሰው በር ሳንኳኳ ተገኝቻለሁ። ከሥራም ወጥቻለሁ። ለሐኪምና ለበሽተኛ ሳስተረጉም ከሆስፒታል ሆስፒታል መዞሩን ጉልበቴ አልችል አለ። ጫማዎችህን ለሰው ሰጠሁ። መጻሕፍትህን ግን ከፊተኛው ክፍል አላነሳሁም፤ የቻይንኛዎቹም፣ የእንግሊዝኛዎቹም እንደነበሩ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋልና አንተ የምታውቀውን ልድገመው፣ ታገሰኝ። ባሌ ግርማ በወጣትነቱ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና እንዲማር ወደ ቻይና የተላከ ሰው ነው። ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዲት ሽማግሌ መምህርት አንድ ጥንታዊ ግጥም አስነበቡት፤ ምሕንድስናው የዚያን ቀን አበቃ። አገር ቤት ነገር ሲበላሽ መመለስ አልቻለም፣ ስደተኛ ሆኖ ሜልበርን ገባ፣ እዚህም በዚያው ግጥም ላይ ዶክትሬቱን ሠራ። እኔ ከናይሮቢ መጥቼ ስተዋወቀው ሰውየው ከግጥሙ ጋር ተጋብቶ ነበር። ወደ ፉትስክሬይ በሚወስደው ባቡር ላይ ወደ አማርኛ እየመለሰ የነገረኝ ቀን፣ መውረጃችንን አልፈን ሄደናል።

ግጥሙ አጭር ነው። አንዲት ሴት ወንዝ መሻገሪያ ላይ ቆማለች። ባሏን ለጉልበት ሥራ ወስደውባታል። የሚሻገረውን ሁሉ አይተኸዋል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ማንም አላየውም። በመጨረሻ ሰው መጠየቁን ትታ ወንዙን ትጠይቃለች። ይኸው ነው።

ሊቃውንቱ የሚጣሉት ግጥሙን ማን ነው የገጠመው በሚለው ነው። ማርቲን መጀመሪያ የግርማ አማካሪ፣ በኋላ ባልደረባው የነበረ ፕሮፌሰር ነው። እሱ የሚለው፣ ግጥሙን የጻፈው ብዙ ዘመን ቆይቶ የኖረ የቤተ መንግሥት ሹም ነው፣ ሹሙ በሴት አንደበት ተናገረ እንጂ ወንዝ ዳር የቆመች ሴት አልነበረችም ነው። ማስረጃውም ባሏን የወሰደው ባለሥልጣን የማዕረግ ስም ነው፤ ማዕረጉ በጥንቱ ዘመን አልነበረም ይላል።

አንተ ደግሞ የለም፣ የገጠመችው ራሷ ሴትዮዋ ናት አልክ። ያ የማዕረግ ስም ባለበት መስመር አንድ ቃል ይበዛል፤ ስሙ ሲወጣ መስመሩ ከሌሎቹ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ስሙን ያስገባው ግጥሙን የገለበጠ ሰው ነው። ለእኔ ስታስረዳኝ፣ «ብራና ላይ የድሮው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም ሲገባ አላየሽም? ቁም ጸሐፊ የትም አገር ቁም ጸሐፊ ነው» ያልከኝን አልረሳም። ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። በግጥሙ ውስጥ ቤት የማይመቱ ቃላት አሉ። በቤተ መንግሥቱ አነጋገር ስታነባቸው አይገጥሙም። በጥንቱ የደቡብ ቻይና ሰዎች አነጋገር ስታነባቸው ግን አንድም ሳይቀር ይገጥማሉ። «የጎጃሙን ሰው ግጥም በአዲስ አበባ አፍ ብታነቢው ቤቱ ይፈርስብሻል። ቤቱ የሚቆመው በባለቤቱ አፍ ነው» አልከኝ። እያንዳንዱን ቃል፣ እያንዳንዱን ድምፅ ስትለቅም ስንት ዓመት አብሬህ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ማርቲን ለዚህ አንድም ቀን በጽሑፍ መልስ አልሰጠም።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ ዩኒቨርሲቲው ደወለልኝ። «የግርማ መታሰቢያ ቀን ልናደርግ ነው፣ የክብር እንግዳ ሆነው ይምጡልን» አሉ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። በሕይወት ሳለህ በየሴሚስተሩ ኮንትራት እያደሱ ያኖሩህ፣ ቋሚ ወንበር ነፍገውህ የኖሩ ሰዎች፣ ስምህን በትልቁ ጽፈው በር ላይ ለጠፉት። ጥቁር ልብሴን ለበስኩ። ሊድያ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ወሰደችኝ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፎቶግራፍህን ግድግዳው ላይ አሳዩት፣ ያንን በግራጫ ሹራብ ያለኸውን።

ማርቲን ተነሣ። አርጅቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ ድምፁ ግን ያው ማር ነው። እንዲህ አለ፦ «ግርማ የተወለደው በኢትዮጵያ ተራሮች ሥር፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ከገበሬ ቤት ነው። እናቱ ወንዝ ወርዳ ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር እየሰማ አደገ። የቻይናዊቷን ሴት ድምፅ ያገኘው በእናቱ ድምፅ ውስጥ ነው። በሙግታችን ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ስሕተቱ ግን እንዴት ያማረ ስሕተት ነበር! ጽሑፎቹን እንደ አንድ ስደተኛ እንጉርጉሮ እናንብባቸው።»

አጨበጨቡ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት እንባዋን ጠረገች።

ግርማዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቃል ሳስተረጉም አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ሲል «ካንሰር ነው» ብያለሁ፤ እያለቀስኩም ቢሆን አላለሰለስኩም። ይህ ሰው ግን አንተን ሙሉ በሙሉ ፍቆ ሌላ ሰው ጻፈብህ። አንተ የተወለድከው ጉለሌ ነው! አባትህ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናትህ እትዬ ብርቄ ቴሌ መሥሪያ ቤት የስልክ አገናኝ ነበሩ፤ ዘፈን ሲነሣ «እግዜር ለኔ ጆሮ እንጂ ጉሮሮ አልሰጠኝም» ይሉ ነበር። ልብሳችሁን የምታጥብ ሠራተኛ ነበረቻችሁ፣ እሷም በጓሮ ቧንቧ ነበር የምታጥበው። አንተ የምታውቀው ወንዝ የቀጨኔ ወንዝ ነው፤ እሱንም አፍንጫህን ይዘህ ነበር የምትሻገረው።

ይባስ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። የማርቲን አባት ዳኛ ነበሩ፣ አያቱም ዳኛ። ራሱ ነው ማዕድ ላይ የነገረን። ታዲያ «ማርቲን ግጥሙን ለሹም የሰጠው የሹማምንት ልጅ ስለሆነ ነው» ያለ አንድ ሰው አለ? የለም። የእሱ ሐሳብ ከመጻሕፍት የመጣ ነው፣ ያንተ ከእናትህ ጡት። የእሱ ክርክር ነው፣ ያንተ እንጉርጉሮ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ እኔን ግን ከሞትህ ይልቅ ያመመኝ አመሰጋገናቸው ነው።

ጥያቄ ያለው ሲሉ ተነሣሁ። ሊድያ እጅጌዬን ይዛ «እማ፣ እባክሽ፣ እዚህ አይሆንም» አለችኝ። ሆነ።

«እኔ ባለቤቱ ነኝ» አልኳቸው። «ባሌ ገጠር አልተወለደም። እናቱም አላንጎራጎሩም። ስለ እናቱ በጽሑፎቹ ውስጥ አንድ መስመር የለም፤ ያለው ስለ ድምፅና ስለ ቃል ነው። ፕሮፌሰር፣ ቤት ስለማይመቱት ቃላት ለጻፈው መልስዎን ዛሬ እሰማለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። መልስዎ ምንድን ነው?»

ማርቲን ውኃ ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። መልሶ አነሣው። ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ ፈጥና፣ «ለዚህ ልብ የሚነካ አስተያየት እናመሰግናለን፣ ሻይ ውጭ ተዘጋጅቷል» አለች። ልብ የሚነካ! እኔ ልባቸውን ምን አድርጌ ነካሁት? የጠየቅኩት ስለ ቃላት ነው። እኔንም እንዳንተ አደረጉኝ፤ ጥያቄዬን ለቅሶ አድርገው ሻይ ጠጡበት።

ከዚያ በኋላ ጽሑፎችህን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበን እናሳትም የሚል ኢሜይል መጣ። መግቢያውን ማርቲን እንደሚጽፍና የእኔ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። መግቢያው ያው የአዳራሹ ንግግር ነው፤ ወንዙም፣ እናትየውም፣ ያማረው ስሕተትም አለበት። አልፈቅድም አልኩ። ሊድያ ተቆጣች። «የአባዬ መጽሐፍ ነው እኮ! ይውጣ። መግቢያ ደግሞ ማን ያነባል?» አለች። ልጄ፣ ሰው የሚያነበው መግቢያውን ብቻ ነው አልኳት። ለአንድ ሳምንት አልደወለችልኝም።

በዚያ ሳምንት ነው ባንተ መናደድ የጀመርኩት። ማርቲን ቤት እራት የተጋበዝንበትን ቀን አስታውስ፤ ሊድያ ገና አልተወለደችም። ለእንግዶቹ፣ «ግርማ እኮ መብራት ከሌለበት መንደር ተነሥቶ ነው እዚህ የደረሰው» ብሎ ሲያስተዋውቅህ እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። አንተ ፈገግ አልክ። ስንመለስ ባቡር ላይ ለምን ዝም አልክ ብዬ ስይዝህ፣ «ጽጌ፣ ሰውየው ደግ ነው። ተረቱ ደስ ካለው እኔን ምን ቸገረኝ? እኔን የሚያኖረኝ የጻፍኩት ነው» አልከኝ። አየህ? የጻፍከው አላኖረህም። የኖረው ተረቱ ነው። አንድ ቀን «ጉለሌ ነው የተወለድኩት» ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር? ይሉኝታህ ለእኔ ሥራ ትቶልኝ ሄደ። ይህንን ፊት ለፊት ብነግርህ ደስ ባለኝ፤ አንተ ግን እንደ ልማድህ ከጭቅጭቁ በፊት ወጥተህ ሄድክ።

እምቢታዬን ሲሰማ ማርቲን ራሱ እኔ ቤት መጣ። ኬክ ይዞ። በፊተኛው ክፍል አስቀመጥኩት፣ ሆነ ብዬ፣ መጻሕፍትህ ፊት። እንግሊዝኛ አንቱና አንተን አይለይም እንጂ፣ እኔ በልቤ የዚያን ቀን አንተ ብዬዋለሁ።

«ጽጌ፣ እኔ ግርማን እወደው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ትጠላው ነበር አላልኩም። ስለ ቃላቱ ነው የጠየቅኩህ።»

መጻሕፍቱን አየ። ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «መልስ የለኝም። ያን ጊዜም አልነበረኝም» አለ።

ግርማዬ፣ ይህንን ስትሰማ በመቃብርህ ብትገላበጥ አልፈርድብህም። ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከው ቃል ነው፤ የወጣው ግን የእኔ ሶፋ ላይ፣ ኬክ ተቆርሶ ነው።

«ታዲያ ይህንኑ ጻፈዋ» አልኩት። «መግቢያህ ይህ ይሁን። ዛሬ እፈቅዳለሁ።»

«እንደሱ ቀላል አይደለም» አለ። «የእኔ መጻሕፍት ሁሉ የቆሙት በሌላው ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜዬ...»

«የሱ ዕድሜ አልቋል» አልኩት።

አስብበታለሁ ብሎ ሄደ። እስከ መኪናው ሸኘሁት፤ ጋብቻና ለቅሶ ያስተማረን ወግ ነውና። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ከአሳታሚዎቹ ግን አንድ አጭር ኢሜይል መጣ፤ መጽሐፉ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። አየህ፣ ያማረ ስሕተት ሆነህ ካልታተምክ ምንም ሆነህ አትታተምም ማለታቸው ነው።

ሊንን ታስታውሳለህ፤ ከደቡብ ቻይና የመጣችው ተማሪህ፣ አሁን ራሷ መምህርት ሆናለች። በአዳራሹ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ደውላ፣ «ጽጌ፣ እኔ ዶክተር ግርማን ልሞግተው እፈልጋለሁ» አለችኝ። አሁን ደግሞ ይቺ መጣችብኝ አልኩ። «አንቺም ያማረ ልትይው ነው?» ስላት፣ «የለም፣ ተሳስቷል ልለው ነው። ግማሹን» አለች። እንዲህ ያለ ደፋር ከየት ተገኘ ብዬ ተናደድኩ። ነገር ግን እሺ አልኳት።

ፉትስክሬይ ውስጥ ካለ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ፎቁን ለቅዳሜ ከሰዓት ቡክ አደረግን። የሊን ተማሪዎች መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ወዳጆችህ መጡ። ማርቲንም ተጠርቶ ነበር። ጉንፋን ይዞኛል አለ።

ሊን ቆመች። ፎቶግራፍህን አላሳየችም፣ የት እንደተወለድክም አላነሣችም። በቀጥታ ቃላቱን በነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፈች። «ቤት ስለሚመቱት ቃላት ዶክተር ግርማ ትክክል ነው፤ እስከዛሬ ማንም አላፈረሰውም» አለች። ልቤ ሞቀ። ቀጠለችና፣ «ቃላቱ የሚያስረዱት ግን ግጥሙ ጥንታዊ መሆኑንና የደቡብ መሆኑን ነው። ሴት መግጠሟን አያስረዱም። የዚያ አገር ወንድ ጀልባ ቀዛፊም የሚናገረው በዚያው አፍ ነው። ከአፍ ወደ ሴት የዘለለው በምን ድልድይ ነው?» አለች።

እኔ ስንት ዓመት ስሰማህ ያንን ክፍተት አንድም ቀን አላየሁትም። ከዚያ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ፣ «አንቺ ከሱ አይደል እንዴ የተማርሽው?» ብዬ ጮህኩባት፣ ግማሹን በአማርኛ። ሊን አልተሸማቀቀችም። «አዎ፣ ድልድዩን መጠየቅ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለች። አንዲት ተማሪዋ ብድግ ብላ አንተን ደገፈች፤ ሴትዮዋ ባሏን የምትጠራበት ቃል ወንድ ለወንድ የማይጠቀምበት ነው አለች። ሊን ያንን ቃል ሌላም ቦታ አለ ብላ ተቃወመች። ሌላው ገባ። ሽሮው ቀረበ፣ የነካው አልነበረም። ሊድያ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ድንገት በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «አባዬ ይኼን አይቀበልም ነበር» አለች፤ ከዚያ እሷም ወደ ጭቅጭቁ ገባች። እዚያ ክፍል ውስጥ የመንደር ልጅም የስደተኛ እንጉርጉሮም አልነበርክም። መልስ ይዘህ እንድትመጣ የምትጠበቅ ሰው ነበርክ።

ቁጣዬ አልበረደም፤ በርዶልኛል ብዬ አልዋሽህም። ማርቲን ሶፋዬ ላይ ያለውን አደባባይ ላይ እስኪለው ድረስ አይበርድም። እሱ ባይለውም ይኸው እኔ በአማርኛ ጽፌዋለሁ፦ መልስ የለውም፣ ያን ጊዜም አልነበረውም። ቢያንስ በአንድ ቋንቋ ተብሏል።

አሁን ጽሑፎችህን ከመጀመሪያው ጀምሬ እያነበብኩ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በዝግታ። ሊን ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፤ የቻይናውን ፊደል እየጠቆመች ታስነብበኛለች፣ እኔ ደግሞ ስላንተ እሟገታታለሁ። እስካሁን እሷ ነች የምታሸንፈው። ድልድዩን የሆነ ቦታ ጽፈኸው ከሆነ አገኘዋለሁ። ካልጻፍከውም እንዳልጻፍክ እነግራታለሁ፤ ለሷም ለራሴም አልደብቅም።

ሻማ አብርቼ፣ ስምህን አስጠርቼ፣ መልካም ሰው ነበር ብዬ ብቻ አላስታውስህም። መልካምነትህን ሁሉም ይመሰክርልሃል። እኔ የማስታውስህ እየተከራከርኩህ ነው፤ ስትሳሳት ተሳስተሃል፣ ስትረታ ረትተሃል እያልኩ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማንም ሰው መልስ ሳይሰጥህ አሞግሶህ አያልፍም።

ባለቤትህ፣
ጽጌ